ኦርኪድ በድሬ ሙቀት፦ አዲስ ቀንበጥ ማስወጣትና ማባዛት ከሀ እስከ ፐ

"ኦርኪድ ድሬ አይሆንም" ሚሏችሁን አትስሟቸው አቦ። በየሳሎኑ በስጦታ ሚገባው ኦርኪድ ባብዛኛው ፋላኖፕሲስ ሚባለው ሰፊና ወፍራም ቅጠል ያለው ዓይነት ነው፣ ዘሩ ደሞ ከነፊሊፒንስና ኢንዶኔዥያ ሙቅ ደን ነው ሚመጣው፣ ሙቀት አይገለውም። ሚገለው የአየራችን ድርቀት፣ የቧንቧ ውሃችን ካልሲየም፣ እና ያዘንንለት መስሎን ምንጨምርለት አፈር ነው። ሙቀቱማ እንደውም ጥቅም አለው፣ ምክንያቱም ፋላኖፕሲስ ከ28 ዲግሪ በላይ ሲከርም አበባውን ትቶ ወደ ቅጠልና ወደ ልጅ (ከራሱ ላይ ሚበቅል ትንሽ አዲስ ተክል) ያደላል፣ ሌሊቱ ወደ 18 እና 20 ወርዶ ለ4 ለ6 ሳምንት ሲቆይ ደሞ የአበባ ዘንግ ያወጣል። ስለዚ ድሬ ላይ ልጅ ማስወለድ ይቀላል፣ ሐረር ላይ ማስበብ ይቀላል፣ ድሬ ተቀምጦ ሁለቱንም ሚፈልግ ሰው ደሞ ወሩን አውቆ ይስራ ነው ነገሩ፣ ቀሪው ዝርዝር ነው።

መጀመሪያ የያዛችሁት ምንድነው?

መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት ተክሉን አዙራችሁ እዩት። ፋላኖፕሲስና ቫንዳ ሚባለው ሌላ የኦርኪድ ዓይነት አንድ ግንድ ብቻ ነው ያላቸው፣ ቅጠል በቅጠል ላይ እየጨመሩ ወደላይ ነው ሚሄዱት፣ ስለዚ ከስር ለሁለት ሰንጥቃችሁ ልትከፍሏቸው አትችሉም፣ ከሰነጠቃችሁ ሞተ በቃ። ዴንድሮቢየም፣ ካትሊያና ኦንሲዲየም ሚባሉት ዓይነቶች ግን ወደ ጎን እየሄዱ በየጊዜው አዲስ ወፍራም አገዳ ያወጣሉ፣ አገዳው ውስጥ ውሃና ምግብ ያጠራቅማሉ፣ እነዚህ መከፈል ይችላሉ። ፋላኖፕሲስ እቤት ሚባዛው ባብዛኛው ኬኪ በሚባለው ነው፣ በአበባው ዘንግ አንጓ ላይ ወይ ከግንዱ ስር ሚበቅል ትንሽዬ ልጅ ተክል ማለት ነው፣ ከናቱ ጋር አንድ ስለሆነ አበባውም ያው የናቱ ነው ሚሆነው።

ዘር ዘርቼ ላብቅል ሚል ካለ ጊዜውን አያቃጥል። የኦርኪድ ዘር ብናኝ ነው፣ አንዱ ፍሬ ውስጥ በመቶ ሺዎች ሊሆን ይችላል፣ ግን ስንቅ ይዞ አይወጣም፣ በተፈጥሮ ሚበቅለው ሚመግበው ፈንገስ ጋር ሲገናኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ሉዊስ ክኑድሰን ሚባል አሜሪካዊ ያለ ፈንገስ፣ በስኳርና በአጋር (ከባህር አረም ሚሰራ ጄል)፣ ጠርሙስ ውስጥ ማብቀል እንደሚቻል አሳየ፣ በ1960 ደሞ ፈረንሳዊው ዦርዥ ሞሬል ከቀንበጥ ጫፍ ላይ ትንሽ ቆርጦ በላብራቶሪ ማባዛቱን አመጣ፣ ዛሬ ኦርኪድ በየሱቁ በብዛት ሚገኘው በነዚ ዘዴዎች ምክንያት ነው። እቤት ሞክሩት ብትባሉ ግን ሻጋታው ይቀድማችኋል።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን ልበል፣ አገራችን ጫካ ውስጥ የራሷ የዱር ኦርኪዶች አሏት፣ ነቅላችሁ ወደ ቤት አታምጧቸው። አብዛኞቹ ከለመዱት ዛፍና ፈንገስ ሲለዩ አይቆዩም፣ በዛ ላይ የኦርኪድ ቤተሰብ በሙሉ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥ ስላለ ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር አይቻልም።

ውሃው ላይ ቆም እንበል

ድሬ ያለ ሰው ማንቆርቆሪያውን ከፍቶ ውስጡን ይይ። ያ ነጭ ቅርፊት ከውሃው ነው። ውሃችን ከጉድጓድ ነው ሚወጣው፣ በካልሲየም የከበደ ነው፣ እኛ ለምደነዋል፣ ኦርኪድ ግን አልለመደውም፣ ምክንያቱም ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ተጣብቆ የዝናብ ውሃ ብቻ ነው ሚጠጣው። የቧንቧ ውሃ ስታጠጡት ውሃው ይተናል ጨው ይቀራል፣ ቀስ እያለ ስሩና የፖቱ ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር ይጋገራል፣ አረንጓዴ ወይ ወይን ጠጅ መሆን ያለበት የስር ጫፍ ይጠቁርና እድገቱ ይቆማል። ማዳበሪያ አነሰው ብላችሁ ስትጨምሩ ደሞ ሌላ ጨው ጨመራችሁበት ማለት ነው። ስለዚ አዲስ ስር አላወጣ ሚል ተክል ካላችሁ መጀመሪያ ውሃውን ጠርጥሩ።

ምርጡ የዝናብ ውሃ ነው። በመጋቢትና ሚያዝያ ሚጥለው፣ ከዛ ሐምሌና ነሐሴ ሚጥለው፣ ከቆርቆሮው ላይ ቀድታችሁ በጀሪካን አስቀምጡ፣ ለጥቂት ኦርኪድ ብዙ ውሃ አያስፈልግም። የመጀመሪያውን ዝናብ አትቅዱ፣ ጣሪያው ላይ የከረመውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ይውረድ፣ ከሁለተኛው ጀምሩ። ኤሲ ያላችሁ ደሞ ከኤሲው ሚንጠባጠበው ውሃ ከአየር ላይ የተለቀመ ስለሆነ ካልሲየም የለውም፣ ሁሌ ሚደፋ ነገር ነው፣ ባልዲ አስቀምጡለት፣ ኤሲው በኬሚካል የታጠበ ሰሞን ብቻ ጥቂት ቀን ይለፈው። ሁለቱም ከሌለ የቧንቧውን አፍሉት፣ ይቀዝቅዝ፣ ነጩ ነገር ሲዘቅጥ ከላይ ከላዩን ቅዱ። ሁሉንም ጨው አያወጣም ግን ካልሲየሙን ይቀንሳል።

ጀሪካኑንና በርሚሉን ክዳን አድርጉለት፣ ይሄን ለኦርኪዱ ብዬ አይደለም። ድሬ እ.ኤ.አ. በ2013 ትንኝ ሚያስተላልፈው የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ ነበረባት፣ በ2022 ደሞ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ሚባለው፣ ሰው ባጠራቀመው ውሃ ውስጥ መፈልፈል ሚወደው ትንኝ የወባ ወረርሽኝ አምጥቶብናል። ለእርጥበት ብላችሁ ከፖቱ ስር ምታስቀምጡት ትሪ ካለም ውሃውን በየ3 ቀኑ ድፉትና ታጠቡት፣ አበባ ብለን ወባ አናሳድግ።

አጠጣጡ እንዲህ ነው፦ ጠዋት ፖቱን ሳፋ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ንከሩት፣ አውጥታችሁ ውሃው ጥርግ ብሎ እስኪወርድ አንጠልጥሉት። መቼ? በቀን ቁጥር አትሂዱ፣ ስሩን እዩት፣ ሲረጥብ አረንጓዴ ነው ሲደርቅ ብርማ ግራጫ ይሆናል፣ ግራጫ ሲሆን አጠጡ፣ ለዛ ነው ፖቱ ብርሃን ሚያሳልፍ ፕላስቲክ ቢሆን ይሻላል ምለው። ግንቦት ላይ ድሬ በ3 በ4 ቀን ሊጠይቃችሁ ይችላል፣ ያው ተክል ሐረር ቢሆን ሳምንትና ከዛ በላይ ይቆያል። ቅጠሎቹ ሚገናኙበት መሃል አናቱ ላይ ውሃ ከገባ በሶፍት ምጠጡት፣ ማታ ማታ በጭራሽ አታጠጡ፣ አናቱ ውስጥ ያደረ ውሃ ያበሰብሰዋል፣ አናቱ የበሰበሰ ፋላኖፕሲስ ደሞ ወደላይ ማደጉን አቆመ ማለት ነው።

ቦታውና አየሩ

የምስራቅ መስኮት፣ የጠዋት ፀሀይ እስከ 2 ሰዓት ተኩል 3 ሰዓት ድረስ፣ ከዛ በኋላ ጥላ። ብርሃኑ በቂ መሆኑን ለማወቅ እጃችሁን ከቅጠሉ በላይ ዘርጉ፣ ደብዘዝ ያለ ጥላ ካረፈበት ለፋላኖፕሲስ ልክ ነው፣ ጥላው ቁልጭ ካለ በዝቷል። ቅጠሉ ራሱም ይናገራል፣ ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ ብርሃን አንሶታል፣ ቀላ ወይ ቢጫ ካለ በዝቶበታል፣ ነጭ ጠባሳ ከወጣበት ተቃጥሏል፣ የተቃጠለ ቅጠል አይመለስም ግን አትቁረጡት። ቫንዳና ዴንድሮቢየም ከዚ በላይ ብርሃን ይፈልጋሉ፣ በረንዳ ላይ በሼድ ኔት (ጥላ ሚሰጥ መረብ) ስር መሆን ይችላሉ። ከዚራ አካባቢ ትልልቅ ዛፍ ያለበት ግቢ ያላችሁ እድለኞች ናችሁ፣ ቫንዳን ቅርንጫፍ ላይ ማንጠልጠል ነው።

ድርቀቱን ለመስበር ትሪ ላይ ጠጠር አድርጋችሁ ውሃ ከጠጠሩ በታች፣ ፖቱ ከጠጠሩ በላይ። ከዚ ሚበልጠው ግን ያልተቀባ የሸክላ ገንቦ ውሃ ሞልቶና ተከድኖ አጠገባቸው ማስቀመጥ ነው፣ በግድግዳው ስለሚያልበው አየሩን ያረጥበዋል ያቀዘቅዘዋልም፣ አያቶቻችን የመጠጥ ውሃ ያበረዱበት ነገር ነው። ተክሎቹን አንድ ላይ ሰብስቡ፣ እርስ በርስ ይረጣጠባሉ። ቬንትሌተሩ ቤቱን ያናፍስ ግን ፊት ለፊት አይምታቸው። አቧራውን ደሞ በየሳምንቱ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፣ ቅጠሉ በአቧራ ሲሸፈን ብርሃን አያገኝም።

ምን ውስጥ ይተከል

አፈር አይደለም። በድጋሚ፣ አፈር አይደለም። ስሩ አየር ካላገኘ ይታፈንና ይበሰብሳል። ውጭ አገር የጥድ ልጥ ነው ሚጠቀሙት፣ እኛ ጋ በቀላሉ ሚገኘው ከሰል ነው፣ ቀፊራ ገበያ ሂዱና ጠንካራ ከሰል ግዙ፣ የአውራ ጣት ጥፍር በሚያህል ልክ ስበሩት፣ ዱቄቱን በወንፊት አስወጡት፣ ታጥቦ ለአንድ ቀን ይነከር። ከሰል ብቻውን ድሬ ላይ ቶሎ ይደርቃል፣ ስለዚ ሲሶ ያህል የኮኮናት ልጥ (ፍሬውን ከውጭ ሚሸፍነው ጭረታም ቅርፊት) ጨምሩበት፣ እሱንም ከገዛችሁ በኋላ 2 ጊዜ 3 ጊዜ ዘፍዝፋችሁ ውሃውን ድፉት፣ ጨው ይዞ ስለሚመጣ። ኮኮናቱ ካልተገኘ ቀዩ ቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር ወይ ፓቹላ ሚባለው ከውጭ የመጣ የጥድ ዓይነት ልጥ ተቀቅሎና ደርቆ ይሰራል። ለቫንዳ ምንም አያስፈልግም፣ ቅርጫት ውስጥ ጥቂት ከሰል ይበቃል፣ ስሩ አየር ላይ ነው ሚንጠለጠለው፣ ግን ድሬ ላይ በሙቀቱ ወር በየቀኑ ውሃ መርጨት ግድ ነው፣ ይሄን ማትችሉ ከሆነ ቫንዳ አትግዙ።

በየ2 ዓመቱ አካባቢ አውጥታችሁ አዲስ ነገር ውስጥ ትከሉት። ሲወጣ የላመና ቡናማ ስር ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ጠንካራው በሙሉ ይቅር፣ ሽቦ መሳይ የደረቀ ክር ብቻ ከቀረም ቁረጡ። ፖቱ ለስሩ ልክ ይሁን፣ ሰፊ ፖት መሃሉ ሳይደርቅ ስለሚቆይ ያበሰብሳል። አበባ ላይ እያለ አትንኩት።

ምግብ

ሚሟሟ 20-20-20 ማዳበሪያ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም እኩል ያለበት) ካገኛችሁ በቂ ነው። በሊትር ግማሽ ግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ (5 ግራም አካባቢ) ለ10 ሊትር፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ማንኪያ። ሚወጣ ቅጠል ወይ ስር ሲኖር በሳምንት አንዴ፣ በወር አንዴ ደሞ ያለ ማዳበሪያ በንፁህ ውሃ ብቻ አጥቡት። ከገበሬው ዩሪያ ተውሳችሁ እንዳትረጩ፣ ስሩን ማቃጠል ነው ትርፉ። የእንቁላል ቅርፊት፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የወተት እጣቢ ሚባለውን ሁሉ እርሱት፣ ጉንዳንና ሻጋታ ነው ሚያመጣው፣ ካልሲየም ከሆነ ደሞ ከቧንቧችን በላይ ማን ይሰጣል።

ኬኪ ማስወጣት

አሁን ወደ ዋናው። ድሬ ላይ ከህዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል አይደል፣ ያኔ ፋላኖፕሲሱ ዘንግ ያወጣል፣ የካቲት መጋቢት አካባቢ ያብባል፣ ሚያዝያ ግንቦት ላይ አበባው መርገፍ ሲጀምር ሙቀቱ ከች ይላል። ባዶ ግን አረንጓዴ የሆነ ዘንግና ሙቀት አንድ ላይ ሲገናኙ ለኬኪ ከዚ የተሻለ ጊዜ የለም። ቀዝቃዛ አገር ያለ ሰው ይሄን ለማምጣት ሂተር ይገዛል።

ሁሉም ተክል ግን ለዚ አይሆንም። ቢያንስ 4 ወፍራም ጠንካራ ቅጠል፣ ብዙ ጤነኛ ስር ያለው ይሁን፣ ቅጠሉ የተኮማተረ ወይ የተልፈሰፈሰ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አድኑ፣ ደካማ እናት ላይ ኬኪ ማስወጣት ሁለቱንም ማጣት ነው። ዘንጉ ቢጫ ወይ ቡናማ ከሆነም አይሰራም፣ ከስሩ ቁረጡት።

ዘንጉን ከታች ጀምራችሁ ስትዳስሱት አንጓዎች አሉት፣ እያንዳንዱ አንጓ ላይ ሶስት ማዕዘን የሆነች ቀጭን ሽፋን ተለጥፋለች፣ ውስጧ የተኛ እንቡጥ አለ። አበባ የነበረበትን የላይኛውን ክፍል ቁረጡት፣ ከታች 3 ወይ 4 አንጓ ይቅር። ከዛ ከቀሩት ውስጥ አንዱን ምረጡ፣ በአዲስ ምላጭ የሽፋኗን ዙሪያ በስሱ ጭራችሁ በወረንጦ ላጧት፣ ውስጧ ያለችው አረንጓዴ ጉብ ያለች ነገር እንዳትጎዳ፣ እሷ ከተቆረጠች አለቀ። የኬኪ ክሬም ሚባል አለ፣ ሳይቶካይኒን ሚባል የእፅዋት ሆርሞን ያለበት፣ ከውጭ ሚመጣ ሰው ካላችሁ አስልኩ፣ የክብሪት ራስ ታክል ብቻ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ቀቡ። ስታበዙት ልጁ ተጣምሞና ተደራርቦ ነው ሚወጣው፣ ለአንድ ተክል ደሞ አንድ ኬኪ በቂ ነው፣ ቢበዛ ሁለት። ክሬሙ ከሌለም ሽፋኗን አንስታችሁ ሙቀቱንና እርጥበቱን መጠበቅ ይቻላል፣ አንዳንዴ ይወጣል፣ አንዳንዴ ኬኪ ጠብቃችሁ የአበባ ቅርንጫፍ ይወጣላችኋል፣ እሱም አይከፋም።

ከቀባችሁ በኋላ ያለው ስራ ትዕግስት ነው። እንቡጡ በሳምንታት ውስጥ ያብጣል፣ ከዛ ወይ ሹል ሆኖ ይረዝማል (ቅርንጫፍ ነው) ወይ ሁለት ቅጠል ይከፍታል (ኬኪ ነው)። ቅጠል ካወጣ በኋላ ስር እስኪያወጣ ወራት ይወስዳል፣ በዚ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ከስሩ ስስ ውሃ እርጩበት፣ እናቱን መመገብ አታቋርጡ። ቅጠሉ አድጎ ስር እምቢ ካለ የረጠበ የኮኮናት ልጥ በኬኪው ስር ሸፍናችሁ በቀጭን ፕላስቲክ ልቅ አድርጋችሁ እሰሩት፣ እርጥበቱ ስሩን ይጠራዋል።

መለየት

እዚጋ ነው ሰው ሚቸኩለው። ኬኪው 2 ወይ 3 ቅጠል፣ ቢያንስ 3 ስር፣ ስሩም 5 ሳንቲ ሜትርና ከዛ በላይ እስኪሆን አትንኩት። እናቱ ላይ መቆየቱ አይጎዳውም፣ ቀድሞ መቆረጡ ነው ሚገለው። ድሬ ላይ ስሩ ከደረሰ ሐምሌና ነሐሴ አየሩ እርጥብ ስለሚሆን ጥሩ ጊዜ ነው፣ ካልደረሰ ይቆይ፣ ማንም አያባርራችሁም።

ምላጩን ወይ መቀሱን በላይተር እሳት አንድዱት፣ ይቀዝቅዝ፣ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስታልፉ ደሞ እንደገና። ይሄን አትዝለሉት፣ ኦርኪድን ሚያጠቁ ቫይረሶች በመቀስ ነው ሚተላለፉት፣ መድሃኒት የላቸውም፣ የያዘው ተክል መጣል ነው። ከዛ ኬኪው የበቀለበትን ዘንግ ከግራና ከቀኝ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡ፣ ያቺ ቁራጭ እንደ መያዣ ታገለግላለች። የተቆረጠው ቦታ ላይ የተፈጨ ቀረፋ ነስንሱ፣ ሐረር ፈረስ መጋላም ሆነ ድሬ መጋላ ቀረፋ ሞልቷል፣ ንፁህ ቀረፋ ግዙና እቤት ፍጩት። ቀረፋው ቁስሉ ላይ ብቻ ነው፣ ስሩን ከነካ ያደርቀዋል፣ በናታችሁ ስሩ ላይ እንዳታደርጉ።

ስሩን ለ10 ደቂቃ የዝናብ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ይለሰልሳል፣ ሲታጠፍ አይሰበርም። የሻይ ብርጭቆ የሚያህል ብርሃን ሚያሳልፍ የፕላስቲክ ኩባያ ታቹንና ጎኑን በሞቀ ምስማር ብሱት፣ የኬኪውን ስር ዙሪያውን አስገቡና ከሰሉንና ልጡን ቀስ እያላችሁ ሙሉበት፣ የቅጠሉ መነሻ ከላይ ይታይ፣ አይቀበር። ሚወዛወዝ ከሆነ በስንጥር ደግፉት፣ ሚወዛወዝ ተክል አዲስ ስሩ ጫፉ እየተፋቀ አያድግም። ከላይ ታቹ የተቆረጠ ትልቅ ሃይላንድ ድፉበት፣ ክዳኑ ይከፈት፣ በየቀኑ ትንሽ ይተንፍስ። ፀሀይ ቀጥታ እንዳያገኘው፣ ሃይላንዱ ውስጥ ይቀቀላል። 3 ሳምንት ያህል ማዳበሪያ የለም፣ ከዛ የትልቁን ግማሽ። አዲስ ቅጠል መሃሉ ላይ ብቅ ካለ ይዟል፣ ለአበባ ግን 2 ዓመት ወይ 3 ዓመት አስቡ።

ከግንዱ ስር የወጣ ኬኪ ከሆነ የራሱ ስር ከሌለው ዝም በሉት፣ ሁለት አናት ያለው ተክል ሆኖ ሲያብብ ከመለየቱ በላይ ያምራል።

ሌሎች መንገዶች

አርጅቶ ወደላይ የተመዘዘ፣ ከታች ቅጠሉ ረግፎ ግንዱ የተራቆተ ፋላኖፕሲስ ካላችሁ አናቱን መቁረጥ ይቻላል። ከቁራጩ በላይ ቢያንስ 3 ጤነኛ የአየር ስር መቅረት አለበት፣ ቀረፋ፣ አንድ ቀን ጥላ ላይ ይድረቅ፣ ከዛ ይተከል። ታች የቀረው ጉቶ ጥቂት ስርና ቢቻል ቅጠል ካለው አትጣሉት፣ ብዙ ጊዜ ከጎኑ አዲስ ልጅ ያወጣል። ቫንዳም እንደዚሁ ነው ሚባዛው። የአበባውን ዘንግ ቆራርጦ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ሚባለውን ብዙ ሰው ይለጥፋል፣ ያለ ላብራቶሪ ንፅህና ባብዛኛው ይበሰብሳል፣ ለጨዋታ ካልሆነ አልመክርም።

ዴንድሮቢየም ለድሬ ሰው ልጅ ማስወለጃ ቀላሉ ነው። ያበበና ቅጠሉ የረገፈ አሮጌ አገዳ፣ ውስጡ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ፣ ከስሩ ቆርጣችሁ ሁለቱንም ጫፍ ቀረፋ አድርጉበት፣ ትሪ ውስጥ በረጠበ የኮኮናት ልጥ ላይ አጋድማችሁ በስስ ፕላስቲክ ሸፍናችሁ ሙቅ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። ከአንጓዎቹ ላይ ልጆች ይወጣሉ፣ ስራቸው ሲደርስ እንደላይኛው ትለያላችሁ። ተክሉን ራሱን መክፈል ከፈለጋችሁ ለካትሊያም ለኦንሲዲየምም ለዴንድሮቢየምም ህጉ አንድ ነው፣ በእያንዳንዱ ክፍል 3 ወይ 4 አገዳ ይኑር፣ ከዛ ያነሰ ከሆነ ለዓመታት አያብብም። ጊዜው አዲሱ ቀንበጥ ከስሩ አጭር አዲስ ስር ማውጣት ሲጀምር ነው፣ ስሩ ሳይረዝም። አሮጌው ጎን የፖቱን ጠርዝ ይደገፍ፣ አዲሱ ቀንበጥ ወደ መሃል ይይ፣ ሚሄደው ወደዛ ስለሆነ።

ሐረር ላላችሁ

ከድሬ ወጥታችሁ የደንገጎን ዳገት ስትጨርሱ አየሩ ሌላ ነው፣ ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት ሐረር ከ1,800 በላይ። ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ለአበባ ዘንግ ይበቃል፣ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ ይቀዘቅዛል፣ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ከመስኮቱ አርቁት፣ ያን ቀን ደሞ አታጠጡ። ኬኪ ምትፈልጉ ከሆነ ማታ ማታ ትልቅ ፕላስቲክ ከረጢት አጥልቁበት፣ ወይ ፍሪጅ ላይ አስቀምጡት፣ ከላይ ትንሽ ይሞቃል። በጀጎል ውስጥ ያሉት የድሮ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱ ብዙ አይለዋወጥም ግን ብርሃን ያንሳል፣ ግቢው ላይ ከፊል ጥላ ያለበት ጥግ ይሻላል። አጠጣጡን ከድሬ ሰው አትቅዱ፣ ሐረር ላይ ኦርኪድ ሚሞተው በውሃ ብዛት ነው።

ስር ያጣ ተክልና ተባይ

ስሩ በሙሉ በስብሶ ቅጠሉ ብቻ የቀረ ተክል ካላችሁ የበሰበሰውን ቁረጡ፣ አንድ ቀን ይድረቅ፣ ከዛ ንፁህ ዚፕ ያለው ትልቅ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አንድ እፍኝ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ልጥ አድርጋችሁ ተክሉን ላዩ ላይ አስቀምጡ፣ ልጡ ውስጥ ሳይቀበር፣ ከረጢቱን ዝጉት። በሳምንት ሁለቴ ክፈቱት፣ ሻጋታ ካለ ጥረጉ። የድሬ ሙቀት እዚም ይረዳል፣ ስር በሙቀት ነው ሚወጣው። ማዳበሪያ የለም፣ ዘንግ ካወጣም ቁረጡት፣ አበባ ለማውጣት አቅም የለውም።

ተባይን በተመለከተ፣ በደረቁ ወር ከቅጠሉ ስር ስስ ድርና ነጠብጣብ ካያችሁ ቀይ ሸረሪት ሚባለው ነው፣ በውሃ እጠቡት፣ እርጥበቱን ጨምሩ። በቅጠሉ ብብት ውስጥ ጥጥ መሳይ ነጭ ነገር ካለ በአልኮል የራሰ ጥጥ አንድ በአንድ ልቀሙ፣ በየሳምንቱ ድገሙ፣ እንቁላሉ ስለሚቀር። ጉንዳን ፖቱ ላይ ከተመላለሰ ሚጠባ ተባይ የሆነ ቦታ አለ ማለት ነው፣ ጉንዳኑን ተከትላችሁ ፈልጉት።

ኬኪ ለሐረር ዘመድ ምትልኩ ከሆነ አንድ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ውሃ አቁሙ፣ እርጥብ ሆኖ ከተጓዘ በመንገድ ላይ ይበሰብሳል። ኩባያውን ከላይ በጋዜጣ ጠቅጥቁ ከሰሉ እንዳይፈስ፣ ቅጠሉን በሶፍት ለያዩት፣ ካርቶን ውስጥ ቆሞ ይሂድ፣ ለሹፌሩ ዳሽቦርድ ላይ እንዳያስቀምጠው ንገሩት። ሲደርስ ጥላ ላይ ይቀመጥ፣ የመጀመሪያው ውሃ በማግስቱ ጠዋት።